ሁለት ጣት የተከፈተ ኮፈን

መገናኛ፣ ላዳዎቹ ከሚሰለፉበት ጥግ፣ የይማምን መኪና ለመለየት ታርጋ ማንበብ አያስፈልግም ነበር። ኮፈኗን ማየት ይበቃል። የላዳ ኮፈን እንደ ብዙዎቹ መኪኖች ከአፍንጫው በኩል አይነሣም፤ ማጠፊያው ከፊት ስለሆነ የሚከፈተው ከመስታወቱ ሥር ነው። የይማም ላዳ ደግሞ እዚያ መስታወቱ ሥር፣ ቆማም ሆነ እየሄደች፣ ሁል ጊዜ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ነበረች። በክፍተቱ ውስጥ ከባሕር ዛፍ የተጠረበ ታኮ አለ። ይማም በገዛ እጁ ጠርቦ፣ በገዛ እጁ ሸጉጦ፣ እንዳይወድቅም በሽቦ አስሮት ዐሥራ አንድ ዓመት አብሮት ኖረ።

"መኪና እንደ ሰው ነው፤ መተንፈስ አለበት" ይላል ለጠየቀው ሁሉ።

ጠያቂ አይጠፋም። ከሁሉ የማይለቀው ገበየሁ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ያህል ከጎኑ የተሰለፈ የላዳ ሾፌር።

"ይማም! ኧረ አፏን ዝጋላት፣ ዝንብ ይገባባታል!"

"ያንተዋንም አይተናታል። ባለፈው ዳገቱ ላይ እንደ ሽሮ ስትንተከተክ ነበር።"

"የኔዋማ ብትፈላም ጨዋ ናት፤ ከንፈሯን ገጥማ ነው የምትፈላው።"

ሁለቱም ይስቃሉ። በማግስቱ ያንኑ ቀልድ ይደግሙታል።

ታኮው የመጣው ከእንጦጦ ዳገት ነው። ይማም በወጣትነቱ ከኮምቦልቻ መጥቶ መጀመሪያ የሌላ ሰው የጭነት መኪና፣ ኋላም ይህችኑ ላዳ የነዳ ሰው ነው። ኮንትራት የሚይዙት ደንበኞች አብዛኞቹ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል የሚወጡ ሕመምተኞች ነበሩ። እሱ ሙስሊም፣ እነሱ ክርስቲያን፤ ማንም ይህን ነገሬ ብሎት አያውቅም። ቀስ ብሎ ይነዳል፣ የትኛው ጉድጓድ የት እንዳለ ያውቃል፣ ታማሚ ማቃሰት ሲጀምር ሬዲዮኑን ይዘጋል። ስሙ በዚህ ተጠራ። ችግሩ ላዳዋ ነበረች። ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ፣ ባሕር ዛፉ መንገዱን ከግራ ከቀኝ መያዝ ሲጀምር፣ የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ወደ ቀዩ ትሮጣለች። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ እንፋሎቱ ይወጣል። ይማም ይወርዳል፣ ኮፈን ይከፍታል፣ ጄሪካን ይዞ ይቆማል። ሕመምተኛው መንገድ ዳር ሣር ላይ ይቀመጣል። አንድ ቀን እንዲህ ሲሆን፣ በሰው ትከሻ ተደግፋ የወረደች አንዲት ሴት ወደ መኪናዋ አይታ፣ "አይዞህ ወንድሜ፣ እሷም እንደኔው አቅቷት ነው" አለችው። እንዲያ በሕመምተኛ መጽናናቱ አሳፈረው። ብዙ ቀን ከነከነው።

አንድ ነገር ግን ያስተውል ነበር። ኮፈኑን ከፍቶ ሲቆም ሙቀቱ ይወርዳል። ቆማ ከበረደች፣ እየሄደችስ ኮፈኗ ገርበብ ቢልላት? ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

በዚያው ሳምንት ሁለት ነገር ሆነ። ኮተቤ ያለው መካኒክ ባፈና ራዲያተሩን አውርዶ የዓመታት ዝገትና ደለል አጠበለት። ይማም ደግሞ ታኮውን ጠርቦ ከኮፈኑ ሥር ሸጎጠ። ላዳዋ ከዚያ ወዲህ ዳገት ላይ ፈልታ አታውቅም።

ራዲያተር የሚኖረው ከውስጥ ነው፤ አይታይም። ታኮው ግን በየቀኑ ፊት ለፊት ይታያል። ሰው ከችግሩ ሲወጣ ምስጋናውን የሚሰጠው ዐይኑ ሥር ላለው ነገር ነው፤ ያውም በገዛ እጁ የሠራው ከሆነ። ከዚያ በኋላ ያንን ነገር መጠራጠር ራስን መጠራጠር ይሆንበታል። ባፈና አንድ ሁለቴ፣ "ኧረ ጋሼ ይማም፣ ያዳናት ራዲያተሩ ነው እኮ" ብሎት ነበር። ደግሞም፣ "የጭስ መውጫው መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ይሾልካል፣ አንድ ቀን አምጣትና እናጥብቀው" ብሎት ነበር። በመጀመሪያው ሳቀበት፤ ሁለተኛውን ረሳው። በዓመት አንድ ቀን፣ ለቦሎ ምርመራ ሲሄድ፣ ታኮውን ፈትቶ ኪሱ ይከትታል፤ ከግቢው ሲወጣ መልሶ ያስገባል። ያን ቀንም መኪናዋ አትፈላም። ሜዳ ላይ ማን ይፈላል ብሎ አለፈው።

ልጁ ዩምና ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሜካኒካል ምህንድስና ሁለተኛ ዓመት ሳለች፣ ለእረፍት ካራ ወዳለው ቤታቸው መጥታ ኮፈኑን አየችው።

"አባ፣ ይሄ ነገር እኮ የምታስበውን አይሠራም" አለችው። "መኪናው ፈጠን ሲል ነፋሱ መስታወቱ ላይ ይከመራል። ወራጅ ውኃ ድንጋይ ሲገጥመው ፊቱ ላይ እንደሚቆለለው ማለት ነው። በዚህ ክፍተት ሙቀቱ አይወጣም፤ የውጪው ነፋስ ነው የሚገባው። ከሞተሩ ጭስ ጋር ተደባልቆ ደግሞ በዚህ በአየር መግቢያው ወደ ውስጥ፣ ወደ እናንተ ይመጣል።"

"አስተማሪሽ እንጦጦ ወጥቶ ያውቃል?" አላት ይማም።

ሚስቱ ነጅማ ከት ብላ ሳቀች። ዩምናም አብራ ሳቀች። ነገሩ በሳቅ አለቀ። ልጅቱ ከዚያ ወዲያ ስለ ኮፈኑ አንስታ አታውቅም።

ነጅማ የካራ ልጅ ናት። ረዥም፣ ዝግ ያለች፣ ስትስቅ ብቻ ድምፅዋ የሚሰማ ሴት። ዳንቴል ትሠራለች። ባሏ በላዳው ሲወስዳት ሁል ጊዜ ከፊት፣ ከጎኑ ትቀመጣለች፤ የክር ዘንቢሏ ጭኗ ላይ፣ ኪሮሿ ጣቷ መሃል። ከካራ መገናኛ እስኪደርሱ አንድ አበባ ትጨርሳለች። መንገድ የምትለካው በዳንቴል ነበር። "ዛሬ ምን ነካህ፣ ግማሽ አበባ እንኳ ሳልሠራ አደረስከኝ" ትለዋለች ሲፈጥን።

ከዓመታት በኋላ መድከም ጀመረች። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል አለ፤ መድኃኒት ሰጣት፣ በሳምንት ሁለቴ ተመላለሽ አላት። ይማም ማክሰኞና ዐርብ ሥራውን እየተወ አመላለሳት። ከካራ በኮተቤ አድርጎ፣ መገናኛን አልፎ። ሰፊ መንገድ ነው፤ በማለዳ ሲወጡ ላዳዋም ትሮጣለች።

የአዲስ አበባ ሰው መኪና ውስጥ በላብና በናፍጣ ሽታ ታፍኖ ይሄዳል እንጂ መስኮት አያስከፍትም። አንድ ጣት ከተከፈተ ከኋላ "እባክህ ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል" የሚል ድምፅ ይመጣል። የሳንባም የጎንም የወገብም ሕመም ምክንያቱ ነፋስ ነው። ታማሚ ሲሆን ደግሞ ነፋስ ጠላት ነው፤ ሊያስታምም የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መስኮት መዝጋት ነው። ይማም በዚህ እምነት ያደገ፣ በዚህ እምነት ስንት ሕመምተኛ ያመላለሰ ሰው ነበር። የላዳዋ የመስኮት ማዞሪያዎች አንድ በአንድ ተሰብረው አንዲት ብቻ ቀርታው ነበር፤ እሷንም ነቅሎ ከመሪው ሥር ባለው ኪስ ያስቀምጣታል። ተሳፋሪ ሲለምን ይሰጣል፣ ሲጨርስ ይቀበላል። በላዳ የሄደ ሰው ይህን ሥርዓት ያውቀዋል።

"የዩምና አባት" ትለዋለች ነጅማ፣ ኮተቤ አካባቢ ሲደርሱ። "እስቲ ያንን ማዞሪያ ስጠኝ።"

"ምን ሊያደርግልሽ?"

"ትንሽ አየር ባገኝ። ራሴን ያዘኝ። የሆነ ነገርም ይሸተኛል።"

"አየሩማ ብርድ ነው፣ ነጅማ። ደረትሽን ሊመታሽ?"

መኪናውን ዳር ያስይዝና ኮቱን አውልቆ እስከ አንገቷ ያለብሳታል። የመስታወቱን ጠርዝ በመዳፉ ይነካል፤ ንፋስ የሚያስገባ ቀዳዳ ካገኘ በጨርቅ ይወትፋል። ማዞሪያውን አይሰጣትም። ሆስፒታል ሲደርሱ ከንፈሯ ገርጥቶ፣ አንዳንዴም አስመልሷት ትወርዳለች። ሕመሙ ነው ይላሉ። መድኃኒቱ ነው ይላሉ። ዩምና በአውቶቡስ የወሰደቻት ቀን ግን ደህና ሆና፣ መንገድ ላይ ያየችውን እያወራች ትመለሳለች። "ከልጇ ጋር ስትሆን ትጽናናለች" ይላል ይማም፤ ትንሽ እየቀናም።

በጥቅምት ወር በአንዱ ማክሰኞ፣ ከሆስፒታል ሲመለሱ፣ ማዞሪያውን ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቀችው።

"ቤት ልንደርስ እኮ ነው" አላት።

ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች። ዘንቢሏ ከጭኗ ተንሸራቶ ቀዩ ክር እግሯ ሥር ተተረተረ፤ አላነሣችውም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አረፈች።

ሐኪሙ ልቧ ነው አለ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ፣ "እንዳንተ ያስታመመ ባል አላየንም" አለው። ይማም ይህን ሲሰማ ይጽናናበታል። ላዳዋን ሁለት ወር ሳያንቀሳቅሳት ቆየ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሱብሒ ሰግዶ ወጣ፣ አስነሣት፣ መገናኛ ሄዶ ተሰለፈ። ገበየሁ ያን ቀን ስለ ኮፈን አልቀለደም።

በሳምንቱ ሐመልማል የምትባል ወጣት ሴት፣ የታመመች እናቷን ኪዳነ ምሕረት ለማድረስ ኮንትራት ያዘችው። እናቲቱን ከኋላ አስተኝታ እሷ ከፊት ገባች። ነጅማ ከሞተች ወዲህ ያ መቀመጫ ሰው ሲቀመጥበት የመጀመሪያው ነበር። ይማም ደስ አላለውም፤ ግን ምን ይላል? ጭር ያለ እሑድ ነበርና ፈጠን ብለው ሄዱ። ብዙም ሳይርቁ ልጅቱ መዳፏን ግንባሯ ላይ አደረገች።

"ይቅርታ አባቴ፣ መስኮቱን ልክፈተው? ራሴን ያዘኝ። የሆነ ነገር ይሸተኛል።"

የይማም እጅ በራሱ ጊዜ ከመሪው ሥር ገብቶ ማዞሪያውን አውጥቶ ሰጣት። መስታወቱ ወረደ። ልጅቱ ፊቷን ወደ ውጭ አውጥታ በረዥሙ ተነፈሰች።

"ተመስገን! ጭስ እኮ ነው የሚገባው አባቴ፤ እርስዎ ለምደውት ይሆናል።"

ሰዎቹን አድርሶ ሲመለስ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ቆመ። ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደና በመስታወቱና በኮፈኑ መሃል አፍንጫውን አስጠጋ። ትኩስ ነው። ዘይት ዘይት ይላል። ከዘይቱ ሥር ሌላ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ነገር አለ። ባሕር ዛፍ የተሸከሙ ሁለት ሴቶች አጎንብሰው ሲያልፉ፣ መኪና የሚያሸትት ሽማግሌ አይተው ተያዩ።

በማግስቱ ማታ ዩምና ከሥራ ስትገባ ጠበቃት። ተመርቃ አንድ የተሽከርካሪ ምርመራ ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው። ጫማዋን ሳታወልቅ ጠራት።

"ዩኒቨርሲቲ ሳለሽ ስለ ኮፈኑ የነገርሽኝ ነገር ነበር።"

"ረስቼዋለሁ።"

"አልረሳሽውም።"

ዩምና ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ያዘችው። የምታስቀምጥበት ያጣች ይመስል።

"እናትሽ እዚያ መቀመጫ ላይ ሁለት ዓመት ተመላለሰች። ማዞሪያውን ስጠኝ ትለኝ ነበር" አላት። "እኔ ነኝ ወይስ አይደለሁም? እሱን ንገሪኝ።"

"አባ! አስተግፊሩላህ በል። አላህ ነው የወሰዳት።"

"አላህ እንደወሰዳትማ አውቃለሁ። በምን ሰበብ ነው? የተማርሽ ነሽ፤ ሰበቡን ነው የምጠይቅሽ።"

ልጅቱ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አኖረችው። መጨረሻ ላይ ያለችው ይህን ነው፦ "እኔም አላውቅም። እሑድ እንሞክረው።"

እሑድ ጠዋት ዩምና የእናቷን ዘንቢል ይዛ ወጣች። ከቀዩ ክር ስንዝር ስንዝር እየቆረጠች በኮፈኑ የኋላ ጠርዝ ላይ፣ ክፍተቱ አፍ ላይ፣ አየር መግቢያው ላይ በፕላስተር ለጠፈች። አንዷን ክር ደግሞ ከውስጥ፣ አየር ከሚወጣበት ቀዳዳ ላይ አንጠለጠለች። ይማም ዳር ቆሞ ያያል። ያ ክር ያላለቀ የአልጋ ልብስ ነበር።

"ነፋስ በዐይን አይታይም" አለች ዩምና፣ ቀና ሳትል። "ክሩ ወደየት እንደሚሄድ ብቻ እይ።"

እሷ በእናቷ ቦታ ተቀመጠች። ከካራ ወጥተው ኮተቤን ይዘው ወረዱ። መንገዱ ባዶ ነበር። ላዳዋ ቀስ እያለች ሳለ ክሮቹ እንደ ተንጠለጠሉ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ በሞተሩ ሙቀት ወደ ላይ ይነሣሉ። ይማም ልቡ ቀለል አለው።

"ይኸው! ወደ ውጭ ነው" አለ።

"ፍጥነት ጨምር አባ።"

ጨመረ። አራተኛ ማርሽ አስገባ። ክሮቹ አንዴ ተንቀጠቀጡ፤ ከዚያ አንድ ላይ፣ ጠሪ እንደሰሙ ሁሉ፣ ጫፋቸውን አዙረው ወደ ክፍተቱ ገቡ። ገብተው ቀሩ። ውጪ የቀረችው ጫፍ ስትርገበገብ ትታያለች። ውስጥ የተንጠለጠለችውም ክር ከቀዳዳዋ ተነሥታ ወደ ዩምና ፊት አቅጣጫ ተዘረጋች። ሽታው መጣ። ይማም ማርሹን ሳይቀንስ፣ ፍሬን ሳይነካ፣ ዐይኑን ከዚያች ክር ላይ ማንሣት አቅቶት ነዳ። ዩምና "አባ፣ መንገዱን" ባትለው ከፊቱ ያለውን አውቶቡስ ባላየው ነበር።

ፈረንሳይን አልፈው ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ሲይዙ ክሮቹ እንደገና ወጡ፤ በሙቀቱ ላይ ቆመው ይደንሳሉ። እዚህስ ታኮው እውነቱን ነበረው። ቀስቷ ከቀዩ በፊት ያለችውን መስመር ነክታ ቆመች፤ ዩምና ስልኳ ላይ ፎቶ አነሣቻት። ኪዳነ ምሕረት ደርሰው ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቁ። ተመልሰው ፈረንሳይ ወረዱ። እዚያ ይማም ሽቦውን በፒንሳ ፈትቶ ታኮውን አወጣ። ቆይቶ ቆይቶ ጠቁሯል፣ አንድ ጎኑ በሙቀት ከስሏል። ኮፈኑን ተጫነው፤ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። ይህን ድምፅ ከቦሎ ቀን ሌላ አልሰማውም ነበር።

ሁለተኛውን ዳገት ተዘግታ ወጣች። ያው ጠዋት፣ ያው አየር፣ ያው ሁለት ሰው። መጀመሪያው ጥምዝ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ይማም በልቡ፣ "ፍይ፤ እባክሽ ፍይ" ይላት ነበር። ብትፈላ፣ ታኮው ቢያንስ ለአንድ ነገር አስፈላጊ ነበር ማለት ነው፤ ሰው ላደረሰው ጉዳት ምክንያት ሲኖረው ሸክሙ ትንሽ ይቀልለታል። ላዳዋ አልፈላችም። ቀስቷ ያችኑ መስመር ነካች፤ ፀጉር ያህል አለፈች፤ ቆመች።

"ፀጉር ያህል ነው?" አላት ላይ ሲደርሱ።

"ፀጉር ያህል።"

"ዐሥራ አንድ ዓመት ለዚህች ነው?"

ከተማው ከታች በጭጋግ ተሸፍኖ ሕንፃዎቹ ብቻ ብቅ ብቅ ብለዋል። ባሕር ዛፉ ይንሾካሾካል። ይማም ታኮውን መዳፉ ላይ እያገላበጠ ቆየና ሳያያት ጠየቀ።

"መሥሪያ ቤታችሁ ጭስ የሚለካ መሣሪያ የለም እንዴ?"

"አለ። ትንሽዬ ናት፤ ኪስ ትገባለች።"

"ታዲያ ለምን አላመጣሽውም?"

"ትናንት ቦርሳዬ ከትቻት ነበር። መልሼ አወጣኋት።"

"ለምን?"

"ቁጥር ትነግረናለች አባ። ዛሬ መኪናው ውስጥ ስንት እንዳለ። ያኔ እማ ደም ውስጥ ስንት እንደነበረ ግን አትነግረንም። ልቧ ያለዚህም ደክሞ ነበር፤ ምን ያህሉ የጭሱ፣ ምን ያህሉ የልቧ እንደሆነ ማንም ሊነግረን አይችልም። አንተ ግን ቁጥሩን ይዘህ ትኖራለህ።"

"አንቺስ ምን ይዘሽ ትኖሪያለሽ?"

ዩምና ፊቷን አዞረች። "እኔማ" አለች፣ "እኔማ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አውቀው ነበር። አንድ ቀን ተናገርኩ፣ ሳቃችሁ፣ ተውኩት። በአውቶቡስ ስወስዳት ደህና እንደምትሆን አየሁ፤ እሱንም ዝም አልኩ። አንተ ደስ ብሎህ ስለምትወስዳት።"

ይማም ሊያጽናናት ፈለገ። "ያንቺ ጥፋት አይደለም" ማለት ቀላል ነበር፤ ግን ይህን ካላት እሷም መልሳ ለሱ ልትለው ነው፤ ያን ጊዜ ሁለቱም የማያምኑትን ተባብለው ይወርዳሉ። ስለዚህ ተወው። ከመሪው ሥር ባለው ኪስ እጁን ከትቶ ማዞሪያውን አወጣ፤ በልጁ በኩል ዞሮ በሩ ላይ ገጠመው፤ በብሎን አጠበቀው። ዩምና ቁጭ ብላ አዞረችው። መስታወቱ እየተንገጫገጨ እስከ መጨረሻው ወረደ። የእንጦጦ ብርድ ገባ። ሁለቱም እየተንቀጠቀጡ፣ መስኮቱን ሳይዘጉ፣ ካራ ድረስ ሄዱ።

ይማም አሁንም መገናኛ ይሰለፋል። ባፈና የጭስ መውጫውን መጋጠሚያ አጥብቆለታል። ማዞሪያው ከበሩ ላይ አይነቀልም። ገበየሁ መጀመሪያ ቀን የተዘጋውን ኮፈን አይቶ፣ "ምነው ይማም፣ ዛሬስ አትተነፍስም?" ብሎ ጀመረና ፊቱን ሲያይ ቀሪውን ዋጠው። ደንበኛ ግን ቀንሷል። "ያ ሽማግሌ መስኮት ከፍቶ በብርድ ይገድላል" ይባላል፤ ሕመምተኛ ያለው ሰው የገበየሁን ይመርጣል።

ባለፈው ጠዋት አንዲት አሮጊት፣ ብቻቸውን፣ ወደ ጸበል ሊወጡ ያዙት። ከፊት ነው የምቀመጠው አሉ። ገና የመገናኛን አደባባይ ሳይለቁ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ድረስ ሳቡ።

"ልጄ፣ ይሄን መስኮት ዝጋልኝ እስቲ። ብርድ ገደለኝ።"

"ብርድ አይገድልም እማማ።"

"ኤዲያ! አይገድልም ይለኛል እንዴ! ታዲያ ምንድነው የሚገድለው?"

ይማም መኪናውን ዳር አስያዘ። አሮጊቷ ሊያስወርደኝ ነው ብለው ምርኩዛቸውን ጨበጡ። እሱ ኮቱን አወለቀ፤ በላያቸው ላይ ዘረጋው፤ እስከ አንገታቸው ድረስ ሳብ አድርጎ፣ ጠርዙን ከትከሻቸው ሥር አስገብቶ አለበሳቸው። ይህን ሥራ እጁ ያውቀዋል።

መስኮቱ እንደተከፈተ ነው። በሸሚዙ ብቻ ሆኖ፣ ዳገቱን ያዘ።